ወላጅ ያጣው መስመር

ይህን የምጽፈው ለኮምፒውተር ሰዎች ብቻ አይደለም። ሙያው የማይመለከታችሁ አትሽሹ፤ የሚያስፈልጋችሁን ያህል እየነገርኳችሁ እሄዳለሁ፣ የቀረው የሰው ጉዳይ ነው። የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፣ ያን ቀይ ስህተት ስታዩ «ኧረ እሱማ ቀላል ነው፣ አጥፍተህ እለፈው» የምትሉ፣ መጀመሪያ ጨርሳችሁ አንብቡ። ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ ተከራከሩኝ።

የቡሬ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ተምሬ እዚያው ትንሽ ሠራሁና ሥራው ሲቀዘቅዝ ላፕቶፔን አንግቤ ወላጆቼ ቤት ተመለስኩ። አባቴ «የተማረ ልጅ አለኝ» እያለ ለጎረቤት ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ሲያየኝ ማውራቱን ተወ። ደግነቱ የቀድሞ አለቃዬ ዮናስ ደወለልኝ። ዮናስ ባሕር ዳር አንድ ክፍል ቢሮ ተከራይቶ ሶፍትዌር የሚያሠራ ሰው ነው፤ አፉ ፈጣን፣ ልቡ ደህና። ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ሆስፒታል ለእናቶች ክፍሉ የመረጃ ሥርዓት እንዲሠራለት ፈልጎ ነበርና «አንተ ቅርብ ነህ፣ ያዘው» አለኝ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። በየጠዋቱ ከቡሬ ሚኒባስ ይዤ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። መንገድ ሲከፈት ማለቴ ነው።

መንገዱ አንዳንድ ቀን ይከፈታል፣ አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠይቀው «ዛሬ ይኬዳል?» ብቻ ነው። ኢንተርኔትም ጠፍቷል። ስልክ ከተማ ከተማው ላይ ይሠራል፣ ትንሽ ወጣ ሲሉ ዝም ይላል። ያለ ኢንተርኔት ኮድ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። እኛ ስህተት ሲገጥመን ገልብጠን ኢንተርኔት ላይ እንለጥፋለን፤ የሆነ አገር ያለ ሰው ከእኛ በፊት በዚያው ስህተት አልቅሶ፣ ሌላው መልስ ሰጥቶት እናገኛለን። እኔ ያኔ የማለቅሰው ብቻዬን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮዱ ውስጥ ሁለት ሞዴሎች ጻፍኩ። ሞዴል ማለት መረጃው በምን መልክ እንደሚቀመጥ የሚናገር ኮድ ነው። አንዱ የእናቶችን ሠንጠረዥ፣ ሌላው የደም ምርመራን ሠንጠረዥ ይፈጥራል። እያንዳንዱ የደም ውጤት የየትኛዋ እናት እንደሆነ በካርድ ቁጥሯ ይጠቁማል። ይህ ጠቋሚ ፎሪን ኪ ይባላል። ግዴታ ካደረጋችሁት፣ ዳታቤዙ እናቷ ያልተመዘገበችን ውጤት አልቀበልም ይላል፤ ቀበሌ መታወቂያ ልታወጡ ስትሄዱ ምስክር አምጡ እንደምትባሉት መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «የጠቆምከኝን ሠንጠረዥ አላገኘሁትም» የሚል ነበር። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለካስ ጠቋሚው ላይ የጻፍኩት የሞዴሉን ስም ነው፣ እሱ የሚፈልገው የሠንጠረዡን ስም ኖሯል። ሁለተኛው ያለመመሳሰል ጣጣ ነው፤ የካርድ ቁጥሩን በአንዱ ሞዴል ቁጥር፣ በሌላው ጽሑፍ ብዬዋለሁ። ቁጥሮቹ በዜሮ ስለሚጀምሩ ሁለቱንም ጽሑፍ አደረግኳቸው። ሞዴሎቹ ተስማሙ፣ ባዶዎቹ ሠንጠረዦች ተፈጠሩ፣ እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ለራሴ ሻይ ጋበዝኩ።

ሦስተኛው ስህተት የመጣው በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰኞ ሥርዓቱ ሥራ ይጀምራል ተብሏል። የቆየውን መረጃ ከኤክሴል ወደ ዳታቤዙ ሳስገባ ስክሪኑ በቀይ ሞላ፤ እናታቸው የማትገኝ የደም ውጤቶች አሉ ይላል። ወላጅ የሌላቸውን መስመሮች ብቻ የሚያወጣ ጥያቄ ጻፍኩ። አብዛኞቹ ላይ ኤክሴል ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ውጧቸው ነበር። ዜሮዎቹን ስመልስላቸው አንድ በአንድ እናቶቻቸውን አገኙ። በመጨረሻ አንድ መስመር ብቻ ቀረ።

ስም፣ ብርቄ ዓለሙ። የደም ዓይነት፣ ኦ ኔጌቲቭ። ማስታወሻው ላይ «የእንግዴ ልጁ ከታች ነው፤ ስትወልድ ብዙ ይፈስሳታል። ሳትወልድ በፊት ደም ይምጣላት» ይላል። የምትወልድበት ጊዜም ተጽፏል፤ ያው ሳምንት ነው። የካርድ ቁጥሯ ግን ከእናቶቹ ከአንዷም ጋር አይገጥምም፣ ዜሮ ብጨምርም ብቀንስም።

ለዮናስ ደወልኩ።

«ስንት መስመር ነው የቀረው?» አለኝ።

«አንድ።»

«አንድ? ታዲያ ምን ታደርቀኛለህ ብሮ! ቼኩን ኦፍ አድርገህ አስገባት። ወይ ደሊት አድርጋትና ተገላገል።»

«ሰው ናት እኮ ዮኒ።»

«ሴትየዋ እነሱ ጋ ናት፣ እኛ ጋ ያለው ዳታ ነው። ሰኞ ላይቭ እንወጣለን ብዬ ምያለሁ፣ አታዋርደኝ።»

ዮናስ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በየቦታው የሚሠራው እንዲህ ነው። ቼኩን፣ ያን ምስክር አምጣ የሚለውን ግዴታ ማለቴ ነው፣ ባጠፋው ውጤቱ ዳታቤዙ ውስጥ ይገባል፣ ግን ከማንም ጋር አይያያዝም። ሐኪሙ የሴትየዋን ገጽ ሲከፍት አያየውም። አለ፣ ግን የማንም አይደለም። እጄን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ጥቂት ቆየሁና ላፕቶፑን ዘግቼ ወደ ላቦራቶሪ ሄድኩ።

ላቦራቶሪውን የሚመራው ጋሽ ሰይድ ነው፤ የቡሬ ሰው፣ የአባቴ እኩያ፣ ነጋዴ ቤተሰብ ውስጥ አድጎ ንግዱን ለወንድሞቹ ትቶ ማይክሮስኮፕ የመረጠ። ስሟን ገና ስጠራለት መነጽሩን አወለቀ።

«ብርቄ! እሷን ልጅ አልመዘገባችኋትም?»

«እናቶቹ ውስጥ የለችም ጋሽ ሰይድ። ቁጥሩን ከየት አመጡት?»

«ከያዘችው ካርድ ነዋ። ከእናቷ አገር ጤና ኬላ የተሰጣት ካርድ። ከጅጋ በላይ ነው አገራቸው፣ እናቷ ናት ይዛት የመጣችው። ያን ጊዜ የደም መለያው ኬሚካል ነበረን። አሁን መንገዱ እንዲህ ሆኖ አልቋል፣ ማንንም መመርመር አልችልም። ስማ ልጄ፣ እሷን ደም ሳናዘጋጅ ምጥ ከያዛት…» አልጨረሰውም። «እኛ ፍሪጅ ውስጥ የሷ ዓይነት ደም አንድም የለም። ያለው ደብረ ማርቆስ ነው።»

አብረን ካርድ ክፍል ሄድን። ካርድ የምታወጣው ሲስተር ያሉትን ካርዶች ሁሉ አገላብጣ «በዚህ ስም የተኛችም የምትጠብቅም የለችም» አለች። ጋሽ ሰይድ ፊቷን ቢያይ ያውቃት እንደሆነ ጠየቅኩት። «በዚያች መስኮት እኮ እኔ የማየው ክንድ ነው» አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበና «እናቷ ጅጋ በርበሬ ትሸጣለች፣ ባለቤቴ የምትገዛው ከሷ ነው። የሻረግ ትባላለች። ዛሬ ገበያ ነው» አለ። እሱ ላቦራቶሪውን ጥሎ መሄድ አይችልም። የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዷል። እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ቅርብ ነው፣ ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ከወትሮው ያነሰ ሰው ነበር። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ «ከሰዓት ይዘጋል እያሉ ነው፣ መመለሻችሁን አስቡበት» አለ። አንዲት ሴት አማተበች።

ጅጋ ስደርስ ገበያው ሙሉ ነበር፣ ጫጫታው ግን የገበያ አልነበረም። ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚገበያየው። እኔ ደግሞ አሁን ሳስበው ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የላፕቶፕ ቦርሳዬን አንግቤ በርበሬ ተራ ገባሁና ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ «የብርቄን እናት ታውቃላችሁ? የሻረግን? ብርቄ ዓለሙ የምትባል ልጅ ያለቻቸው?» የጠየቅኳት ሴት ሁሉ ዛላዋን ታስተካክላለች። አንዷ «አናውቅም» አለች። ሌላዋ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን አየች።

ዞር ስል ሦስት ወንዶች ቆመዋል። አንደኛው የቦርሳዬን ማንገቻ ያዘ፣ አልጎተተውም፣ ዝም ብሎ ያዘው።

«የማን ነህ አንተ?»

«የቡሬ ልጅ ነኝ።»

«ስም እየጠራህ ሰው የምታፈላልግ ማን ልኮህ ነው?»

«ከሆስፒታል ነኝ… ማለት ሐኪም አይደለሁም፣ የመረጃ…» ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ምን ያህል መጥፎ ቃል እንደመረጥኩ ገባኝ። በዚያ ሰሞን በዚያ አገር፣ መረጃ እሰበስባለሁ ብሎ ገበያ መሀል የሚናገር ሞኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰውየው ማንገቻውን ጠበቅ አደረገው። ዙሪያዬ ያሉት ሴቶች በርበሬያቸውን ማዳበሪያ ውስጥ መክተት ጀመሩ። ፈራሁ።

ከሴቶቹ አንዷን በስሟ ጠሩና አመጧት። ቀጠን ያለች፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ የታጠቀች፣ እጇ በበርበሬ የቀላ።

«የሻረግ፣ ይህን ልጅ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«እናቴ፣ ስለ ልጅዎ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ስለ ብርቄ።»

ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። «ብርቄ የምትባል ልጅ የለችኝም።»

«ጋሽ ሰይድ ነው የላከኝ፣ ደም የሰጠችለት…»

«ሴት ልጅ አልወለድሁም አልሁህ እኮ። ወንድ ልጅም የለኝ፣ ሴት ልጅም የለኝ። በምን ዕዳዬ ነው ልጅ የምትሰጠኝ?»

ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አልተነበበም። እኔ ራሴ ለአፍታ አመንኳት፤ ሌላ የሻረግ ትሆናለች ብዬ ቦርሳዬን ለማስለቀቅና ለመሄድ አሰብኩ። ሰዎቹ ግን አሁን እንድሄድ የሚፈልጉ አይመስሉም ነበር።

የደረሱልኝ ቄስ ይበልጣል ናቸው። የዚያች ሴት የነፍስ አባት መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅኩት፤ ያኔ ያየሁት ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ ጭራቸውን ክንዳቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ነው። ሰዎቹ ሲያዩአቸው ገለል አሉ። ቄሱ እጄን ያዙና «እስቲ አንተ ልጅ፣ ዝግ ብለህ ንገረኝ። ምን አጠፋች ልጅቱ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፋችም አባቴ። የደሟ ውጤት አለን፣ እሷ ግን የለችም። ማለቴ ውጤቱ የሷ ነው ይላል፣ እሷን ግን ከተመዘገቡት እናቶች መሀል አጣናት። ደሟ የማይገኝ ዓይነት ነው። ስትወልድ ብዙ ይፈስሳታል ተብሎ ተጽፏል። ካላገኘናት ደሙን ለማን ብለን እናስመጣለን?»

«ይህን የሚያረጋግጥልህ ሰው አለ?»

«ጋሽ ሰይድ አለ። ልደውልለት?»

«ደውል። ግን እኔ ነኝ የማናግረው።»

የደወልኩበትን ስልክ ድምፁን አስከፍተው ተቀበሉኝና ጆሮአቸው ላይ ሳይሆን በተዘረጋ መዳፋቸው ላይ ያዙት፣ ሁሉም እንዲሰማ። ጋሽ ሰይድ «አገኘሃት ወይ?» ሲል ድምፁ ገበያው መሀል ተሰማ።

«እኔ ቄስ ይበልጣል እባላለሁ። ይህ ልጅ ያንተ ነው?»

«የኛው ነው አባታችን፣ አደራዎን! ወይዘሮ የሻረግ እዚያ አሉ? ይስሙኝ፣ እኔ ሰይድ ነኝ፣ በርበሬ የምትገዛዎት የዘይነባ ባለቤት። ‹ሳትወልድ በፊት አምጡልኝ› ብዬዎት አልነበረም? ልጅቱ የት ናት?»

የሻረግ ሁለት እጇን በራሷ ላይ ጫነች፤ በርበሬ የነካው እጇ መሆኑን እንኳ የረሳች ይመስለኛል። «ኧረ እናንተው ዘንድ ናት!» ብላ ጮኸች። «አማቷ ከሐሙስ ጀምራ አስገብታታለች እኮ! እናንተው ዘንድ አይደለች ወይ? ምን አረጋችኋት ልጄን?»

«በብርቄ ስም የገባች የለችም እኮ እናቴ» አልኳት።

ቄሱ ቀስ ብለው ወደሷ ዞሩ። «የሻረግ፣ አማቷ ያወጣችላትን ስም ንገሪያቸው።»

እዚህ ላይ ለከተማ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ገጠር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት፣ በዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቃት በዚያ ስም ነው፤ እናቷ ቤት ስትመጣ ደግሞ የድሮ ስሟ ይጠብቃታል። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የገዛ እናቴ ሁለት ስም አላት። አንድ ሰው አንድ ካርድ፣ አንድ ካርድ አንድ ስም ብዬ ሞዴሉን ስጽፍ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

«በአፌ ጠርቼው አላውቅም» አለች የሻረግ ቀስ ብላ። «እኔ ብርቄ ብዬ ነው ያሳደግኋት።»

«ዛሬ ጥሪው ልጄ፣ ግዴለም» አሏት ቄሱ።

«ሁሉአገርሽ» አለች።

ስልኩ ውስጥ ጋሽ ሰይድ «ሁሉአገርሽ…» አለ፣ «ሁሉአገርሽ እኮ ምጥ ይዟት ቅድም ወደ ማዋለጃ አስገቧት» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ቦርሳዬን የያዘው ሰውዬ ማንገቻውን ለቀቀው። «ይቅርታ አርግልን ወንድሜ» አለኝ። የሻረግ በርበሬዋን እንደተዘረጋ ጥላው ወደ አስፋልቱ መሮጥ ጀመረች፤ እኔም ተከተልኳት።

አስፋልቱ ባዶ ነበር። ረዳቱ ያለው ደርሶ ሚኒባሶቹ ጠፍተዋል። ባጃጅ እንኳ የለም። ሱቆች አንድ በአንድ በራቸውን እየዘጉ ነው፣ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ በየአቅጣጫው ይበተናል። ለጋሽ ሰይድ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አያነሳም። የሻረግ መንገዱ ዳር ቆማ ወደ ፍኖተ ሰላም ታያለች፣ «በእግሬ ልሂድ» ትላለች፣ ደግሞ ትቆማለች። በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ደወለልን። «ደሙ ተገኝቷል። አምቡላንሱን ከደብረ ማርቆስ መውጫ ላይ አስቁመን አስጫንነው። ጅጋ ላይ ቁሙና ጠብቁት፣ ያሳፍራችኋል። ዶክተሩ ደሙ ሳይደርስ ሊከፍታት አልፈለገም» አለኝ። ልጅቱ እንዴት እንዳለች ስጠይቀው «አምቡላንሱን ጠብቁት» ብቻ ብሎ ዘጋ።

ጠበቅን። በሕይወቴ እንደዚያ አስፋልት ላይ አፍጥጬ አላውቅም። ከደምበጫ በኩል የሚመጣ መኪና የለም። ራቅ ብሎ አንድ ሁለት ጊዜ ከበድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በኅዳር ነጎድጓድ ነው የሚል ሰው አይኖርም። ቄስ ይበልጣል ተከትለውን መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል።

አምቡላንሱ ሲመጣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ሳይረን ሳያሰማ ነበር። ሾፌሩ ሙሉ ለሙሉ ሳይቆም በሩን ከፈተና «ግቡ፣ ግቡ!» አለ። «ደምበጫን ካለፍኩ በኋላ ድንጋይ እያስቀመጡ ነበር። ከኋላዬ የሚመጣ ያለ አይመስለኝም።» የሻረግን ከኋላ አስገባኋት። ወንበሩ ላይ የደሙን ሳጥን አገኘችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፣ በሁለት እጇም አቀፈችው።

አንድ ቦታ ላይ ድንጋዮች ነበሩ፤ ሰው ግን አልነበረም። ሾፌሩ በጠርዙ አሳልፎ ወጣ። ሳጥኑ ሲንገጫገጭ የሻረግ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ከዚያ እኔን ሳታይ መናገር ጀመረች።

«ወንድም ነበራት» አለች። «ባለፈው ዓመት ሰው መጣ። እንዳንተው ስሙን ጠርቶ ‹አለ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹አለ፣ ማሳ ነው› አልሁት። የት እንደሆነ በእጄ አሳየሁት።»

ሳጥኑ እንዳይንሸራተትባት በአንድ እጄ ደገፍኩላት።

«አልተመለሰም» አለች። «አለ ብዬ ነው ያጣሁት። አሁን ደግሞ የለችም ብዬ ይኸው…» አንገቷን ሳጥኑ ላይ ደፋች። እኔ ሰው ፊት የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን አለቀስኩ።

ጋሽ ሰይድ ሆስፒታሉ በር ላይ በነጭ ጋውኑ ቆሞ ነበር የጠበቀን። ሳጥኑን ከየሻረግ እጅ ሲቀበል ቶሎ አልለቀቀችለትም፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቀው። ከዚያ ሮጠ። ያን የሚያክል ሰውዬ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ፊት ለፊት አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። በአንዱ ጫፍ የልጅቱ አማት ተቀምጠዋል። በሌላው ጫፍ የሻረግ ተቀመጠች። ሁለቱ ሰላም አልተባባሉም፤ የሻረግ ወለሉን ታያለች፣ አማትየው በሩን። ነርስ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ፊቷ አይነበብም። አንድ ጊዜ በደም የራሰ ጨርቅ በባልዲ ይዘው ሲያልፉ የሻረግ ተነስታ መልሳ ተቀመጠች። አማትየው ያን ጊዜ ራሳቸውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። «ካርዱን ሲያወጡ እኔ ነኝ የመለስሁላቸው» ይሉ ነበር ለራሳቸው፤ «እሷማ አፏን አልከፈተች፣ እኔ ፊት ምን ብላ ትናገር።»

ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥን አላውቅም። ነርሷ ወጥታ «የሁሉአገርሽ ቤተሰብ?» አለች።

የሻረግ አልተነሳችም። ሌላ ሴት የተጠራች መስሏት እንደሆነ ወይም ጉልበቷ ከድቷት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አማትየው ተነሱ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ወደ ኋላ ዞረው እጃቸውን ዘረጉላት።

«የብርቄ እናት» አሏት፣ «ነይ እንጂ።»

ልጅቱ ተርፋለች። የወለደችው ሴት ነው፤ ሕፃኗ ደክማ ነበር፣ ግን አለቀሰች። የመጣው ደም አንድም ሳይቀር እንዳለቀ ጋሽ ሰይድ በኋላ ነገረኝ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ «አንድ ሰዓት ብትዘገዩ» አለና እጁን አወዛወዘ። መንገዱ ከዚያን ቀን ከሰዓት ጀምሮ ተዘጋ። እስኪከፈት ድረስ ቡሬ አልተመለስኩም፣ ጋሽ ሰይድ ቤት ነው ያደርኩት።

ለዮናስ ሰኞ እንደማይደርስ ስነግረው ደንበኛ ስድብ ሰደበኝ። ከዚያ የሆነውን ነገርኩት። «ቼኩን አጥፋው ያልኩህን ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። ይኸው ለእናንተ ነግሬበታለሁ፤ ይቅር ይለኛል ብዬ ነው።

ሞዴሉን እንደገና ጻፍኩት። አሁን ስም የራሱ ሠንጠረዥ አለው። አንዲት እናት የፈለገችውን ያህል ስም፣ የፈለገችውን ያህል ካርድ ይኖራታል፤ ሁሉም ወደ እሷ ይጠቁማሉ። ካርድ ክፍል ያለችው ሲስተርም አሁን የምትጠይቀው ሴትየዋን ራሷን ነው፤ «እናትሽ ቤት ማን ይሉሻል? ባልሽ ቤትስ?» ትላለች። አማቶች ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ፤ ያጉረምርሙ።

እናንተ ይህን ሙያ የያዛችሁ፣ እኔ አሁን ያ ቀይ መስመር ሲመጣ አልናደድም። እፈራለሁ። ማሽኑ የለም ያለኝ ሰው የሆነ ቦታ ምጥ ላይ ይሆናል እያልኩ እፈራለሁ፣ ተነስቼም እጠይቃለሁ። ስጠይቅ ደግሞ ማንን እንደምጠይቅና እንዴት እንደምጠይቅ እጠነቀቃለሁ፤ ይህን ያስተማረችኝ የሻረግ ናት። ስሟን ስለጠሩላት ብቻ ልጇን የምታሳይ እናት ያለችበት አገር ውስጥ አይደለንም። ያ ወደፊት ይመጣ ይሆናል፣ አላውቅም።

ልጅቱ ከሆስፒታል የምትወጣ ዕለት የሻረግ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣችና ላፕቶፑን ባገጯ እያመለከተች «እዚህ ውስጥ ምን ብለህ ጻፍሃት?» አለችኝ።

«ሁለቱንም ስሟን እናቴ።»

«ሕፃኗንስ?»

«የብርቄ ልጅ ብያታለሁ፣ ስም እስኪወጣላት።»

ራሷን ነቀነቀችና «የወንድሟን ነገር እዚህ ውስጥ እንዳትጽፍ» አለችኝ። እንደማልጽፍ ነገርኳት። አንድ ቀን ግን ይህን ታሪክ፣ የወንድሟንም ጨምሬ፣ ለሰው መናገር እፈልጋለሁ፣ ይፈቀድልኛል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ብዙ አሰበች። «ማንም መጥቶ እንዳያገኘን አርገህ ተናገረው» አለች።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ እዚህ ያነበባችሁት ስም አንዱም የእነሱ አይደለም። የእናቲቱም፣ የልጂቱም፣ የቄሱም፣ የላቦራቶሪው ሰውም። ብርቄም ሁሉአገርሽም የምትባል ሴት በዚያ ሆስፒታል አልተኛችም፣ የሻረግ የምትባል በርበሬ ነጋዴም ጅጋ ገበያ የለችም። ሄዳችሁ ብትጠይቁ አናውቃትም ይሏችኋል።